ቀን ጎደለ

ሩምፊ ከተማ ላይ፥ ከፍርድ ቤቱ ጓሮ፣
አለች አንዲት ክፍል፥ ጣራዋ ቆርቆሮ፤
ቁልፏ አንገቴ ላይ ነው አሥራ ሰባት ዓመት፣
በሷ ውስጥ ነው የኖርኩት፥ በቁጥር፥ በምልክት።
ደም የነካው ቢላ፥ የፍየል ማሰሪያ፣
ድምፁ የጠፋ ራዲዮ፥ የአረቄ ማጣሪያ፤
ሁሉም ወረፋ ይዞ፥ እንደ ባለጉዳይ፣
ቀን እስኪቆረጥለት፥ መደርደሪያው ላይ።

ዝናቡ ሲያባራ፥ ሊምባኒ ጠባቂው
መጣ ከቭዋዛ፥ ጭቃ እንዳቀለመው፤
ሁለት የዝሆን ጥርስ በጆንያ ጠቅልሎ፣
ሥሩ ገና እርጥብ ሥጋ፥ ዝንብ አስከትሎ።
«መዝግቢልኝ ተምዋ፥ እናትየዋ ናት፤
ግልገሏን አገኘን፥ ቆሞ ሲያሸታት።
ጓዴን ቺምዌምዌን ጉልበቱን መቱብኝ፤
እባክሽ ጻፊልኝ።»

ጻፍኩ።
ክብደት፦ ሃያ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም።
የተያዘበት ስፍራ። የያዘው ሰው ስም።
ማኅተም አተምኩበት፥ ቀይ ሰም አቀለጥኩ፤
ልጄን አተኩሷት ነበር፥ ቸኩዬ ቤት ሄድኩ።

ተከሳሹ ማሳውኮ፥ የሰው ጆንያ ተሸካሚ፣
ለግማሽ ኩንታል በቆሎ ሌሊቱን ደካሚ።
ገዢው፥ ባለ ነጭ መኪናው፥ ከመዝገብ ስሙ የለ፤
ለዚያ ደሃ ጠበቃ ማነው የከፈለ?
ማንም አልጠየቀ።

ቀጠሮ። ዐቃቤ ሕጉ ቀርቷል፥ ነዳጅ አልነበረም።
ቀጠሮ። ዳኛዋ ለቅሶ ላይ ናቸው፥ ችሎት አልዋለም።
ቀጠሮ። ምስክሩ ሆስፒታል ነው፥ እግሩን ሊቆርጡት።
ቀጠሮ።
አሥራ አንድ ጊዜ ሄደ፥ አሥራ አንድ ጊዜ መጣ፣
ጥርሱ መደርደሪያው ላይ ነጭነቱን አጣ።
በዚያ ሰሞን፥ ሰኞ ፍየል የሰረቀ ልጅ፥ ሐሙስ
ሦስት ዓመት ተፈርዶበት ወጣ ሲያለቅስ።

በዐሥራ ሁለተኛው ጠበቃው ተነሣ፤
መነጽሩን ጠራረገ። በለሰለሰ ቃል፦
«ክብርት ዳኛ፥ ቀኑ የቱ ጋ ተጽፏል?
ሃያ አንድ ነው ያሉት ዛሬ ሃያ መዘነ፤
ሌላ ጥርስ እንዳልሆነ በምን ታመነ?»

ጥርስ እንደ ሰው ይደርቃል፥ ሲቆይ ይከሳል፤
አውቅ ነበር። ግን ቀን ያልጻፈች ሴት ስታወራ ማን ይሰማል?

«ቀን ጎደለው» አሉ ዳኛ ዞንዲዌ። መዝገቡ ተዘጋ።

ቀን ሲጎድል ሰው ይከፋል ሲሉ ሰማሁ ሁልጊዜ፤
የዚያችን እናት ቀን ግን ያጎደልኳት እኔ ነኝ፥
በገዛ እስክሪብቶዬ።

ሊምባኒ ቆሞ ነበር በሩን ተደግፎ፤
ቺምዌምዌ ከጎኑ፥ ምርኩዙ ላይ አርፎ።
ምንም አላሉኝም። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር።
ማሳውኮ እንኳ አልሳቀም።
ከውጭ ብቻ፥ የመኪና ሞተር ተነሣ።

ዘንድሮ አዲስ ሕግ መጣ፥ ሊሎንግዌ ታትሞ፤
እስከ ሠላሳ ዓመት ይላል፥ በጥቁር ቀለም ደምቆ፥ ተደግሞ።
አዳራሽ ጠሩን። አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤
ግን ሠላሳው ዓመት የሚጀምረው
ከአንዲት ቀን ነው፥ አልኩ፥
ለራሴ፥ በዝግታ።

ትናንት ማታ ሌላ ጆንያ መጣ።
ትንሽ ጥርስ ናት፥ የክንዴን ግማሽ የምታህል።
ያ ግልገል ይሆን? ሊምባኒን አልጠየቅኩትም።
እሱም አላየኝም።

ከጆንያው ጋር የተያዘ ስልክ ዘጠኝ ጊዜ ጠራ፣
«አለቃ» የሚል ስም እያበራ፣ እያበራ።
አላነሣነውም። ቁጥር ሰጠሁት፤
ከጥርሷ ጎን፥ በላስቲክ አሸግኩት።

ክብደት፦ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም።
ከሥሩ ጻፍኩ፦ ሲደርቅ ይቀንሳል፤ ቀንሶ ቢገኝ አይገርምም።
ሰዓቱን ጻፍኩ።
ቀኑን ጻፍኩ፤ በአኃዝ፥ ከዚያም በፊደል፥
ወሩን፥ ዓመተ ምሕረቱን፥
ብዕሩ ወረቀቱን እስኪበሳው።

«አንብበው» አልኩት።
ጮክ ብሎ አነበበ ሊምባኒ፥
በጣቱ እየተከተለ፥ ጥፍሩ ሥር ገና ጭቃ አለ፤
ቀኑ ጋ ሲደርስ ቆመ፥
ደገመው።

ስልኩ ዐሥረኛ ጠራ።